ክዳኑን ማን ከፈተው?

አክስቴ ደውለው «ያ ማሽን ሞተብኝ» ያሉኝ የወጣቶች ኅብረታችን የጸሎት ሳምንት ላይ እያለን ነው። «ያ ማሽን» ልጃቸው ከሚኒሶታ የላከላቸው የውሃ ማለስለሻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ሰምታችሁ የማታውቁ ብዙዎች እንደምትሆኑ እገምታለሁ፤ እኔም ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር። በዚህ መጽሔት ላይ ስለ መታጠቢያ ቤት ዕቃ መጻፌ ያስገርማችሁ ይሆናል። ዕቃው ግን እስካሁን ያልለቀቀኝን ጥያቄ ይዞብኝ መጣ፦ የተበላሸን ነገር መጠገን ያለብን መቼ ነው? መተካት ያለብንስ?

አክስቴ አርባ ዓመት ያህል የኖሩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ በከተማው ደቡብ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እዚያ ከገቡ በኋላ የመጀመሪያ አቤቱታቸው የመንገዱ ርቀት ወይም የደረጃው ብዛት አልነበረም፤ ውሃው ነበር። «ሳሙና አይቀበልም» ይላሉ። አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ሲያሹ መዋል ነው። ታጥቦ የተሰጣው ነጠላ እንደ ካርቶን ደርቆ ይነሳል። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ቡናውማ «የሌላ ሰው ቡና» ሆነባቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የመሃል ከተማው ውሃ ለብዙ ዘመን የመጣው ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች ነው፤ ዝናብ የሞላው፣ መሬት ውስጥ ብዙ ያልቆየ ውሃ ነው። በአቃቂ በኩል ደግሞ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ አለ። በድንጋይ መካከል ረጅም ጊዜ የኖረ ውሃ ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወጣል። ለጠጪው ጠንቅ አይደለም፤ ሳሙናን ግን ያሸንፈዋል፣ ሲፈላም የያዘውን ኖራ መሰል ነገር በብረቱ ላይ ይተወዋል። (አዲስ አበባና የቧንቧ ውሃ የቆየ ታሪክ አላቸው። በ1880ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ግቢ ውሃ በቧንቧ ሲያመጣ፣ ውሃ ሽቅብ ወደ ኮረብታ መውጣቱ ሕዝቡን ጉድ አሰኝቶ ነበር። አክስቴ በቧንቧ ውሃ መደነቅ ከተዉ ስንት ዘመናቸው ነው፤ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ግን እንደገና ከውሃ ሌላ ወሬ አጡ።)

ልጃቸው የሚኖርበት አገር ውሃው እንዲህ ዓይነት ስለሆነ ማለስለሻ በብዙ ቤት አለ። እናቱ በስልክ ስለ ነጠላቸው ሲያማርሩ አንድ ትንሽ ገዝቶ ላከ። አሠራሩን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ስለነበር ላንተም ልንገርህ፣ ወንድሜ። በአንድ ጠባብ ጋን ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ፍሬዎች አሉ፤ ሬዚን ይሏቸዋል። የዚህ ዓይነቱን ሰው ሠራሽ ሬዚን መጀመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1935 አዳምስና ሆልምስ የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ኬሚስቶች ናቸው። እያንዳንዱ ፍሬ ሶዲየም ይዞ ይጠብቃል። ጠንካራው ውሃ በላዩ ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይቀበልና በምትኩ ሶዲየሙን ይለቃል። ከቀናት በኋላ ፍሬዎቹ ይሞላሉ። ያን ጊዜ ማሽኑ ሌሊት ተነሥቶ ራሱን ያጥባል፤ ከጎኑ ካለው በርሜል የጨው ውሃ ስቦ በፍሬዎቹ መካከል ያሳልፋል፣ የጨው ሶዲየም የተጣበቀውን ካልሲየም ያስለቅቃል፣ እጣቢው ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ ፍሬዎቹም ለሌላ ሳምንት ይታደሳሉ። በደንብ ከተያዘ ያው ሬዚን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። የሚያልቀው ጨው ብቻ ነው። (እጣቢው የት ይሄዳል? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ካለ ጥሩ ጠይቋል። ወደ አቃቂ ወንዝ ነው መንገዱ። የአክስቴ ነጠላ ሲለሰልስ ከታች ያለው ሰው ጨው ይደርሰዋል። ይህ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ አልነካውም።)

ዓመት ተኩል ሠርቶ ነው ሞተ የተባለው። ልጃቸው ወዲያው መልእክት ላከ፦ «እማዬ፣ ጣይውና እዚያው አዲስ ግዢ፤ ብሩን ልኬያለሁ።» እኔም ተስማማሁ። በመስማማቴ ውስጥ ግን ሐሳብ አልነበረበትም፤ ድካም ነበረበት። ከአራዳ እስከ አክስቴ ቤት ሦስት ታክሲ ነው። ከዚያ በፊት ስለዚሁ ማሽን ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር፤ አንድ ጊዜ የኤሌክትሪኩን መቀየሪያ፣ አንድ ጊዜ የሚያንጠባጥብ ጎማ ለማየት። አዲስ ከተገዛ ነገሩ ያልቃል። አክስቴ ግን «አንድ ሰው አይቶልኝ ነው የምጥለው» አሉ።

እዚህ ላይ ልቆም። ጥገናን ማመስገን በእኛ ዘንድ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰባኪ ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነው። እኔ ግን ከሁለት ነገር መጠንቀቅ እፈልጋለሁ።

አንደኛው፦ የምንጠግነው ጻድቃን ስለሆንን አይደለም። ከጊዮርጊስ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ስንት ሊስትሮ ተቀምጦ ጫማ እንደሚሰፋ አይታችኋል። የሚሰፋው የሰው ጉልበት ርካሽ፣ ጫማ ደግሞ ውድ ስለሆነ ነው። ሚኒሶታ ነገሩ ተገልብጧል፤ ባለሙያ መጥራት ከዕቃው ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ «ጣይው» ማለቱ ክፋት አይደለም፣ የሚኖርበት አገር ሒሳብ ነው። የተጠገነ ሁሉ ቅን እንዳልሆነም መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይነግረናል፤ የገባዖን ሰዎች ኢያሱን ያታለሉት በተጠገነ ጫማ ነው።

ሁለተኛው፦ መተካት ያለባቸው ነገሮች አሉ። አክስቴ ዶሮ ማነቂያ የኖሩበት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ዝገት፣ መጸዳጃው ከስድስት አባወራ ጋር የጋራ ነበር። ስለ ድሮ ፒያሳ ናፍቆት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኞቻችን ክረምት ሌሊት ያን መጸዳጃ አልተጠቀምንበትም። አንድ ቀን «ቤትዎ ይናፍቅዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው አክስቴ ሳቁብኝ። «ቤቱ? ቤቱስ ይቅርብኝ። ጠዋት ስነሣ ‹እንዴት አደርሽ› የምትለኝ ናት የናፈቀችኝ» አሉ። ጎረቤታቸው በሌላ አቅጣጫ ነው የደረሳት። ስለ ሰፈሩ መፍረስ እዚህ ፍርድ መስጠት አልፈልግም። ከአክስቴ መልስ የተረዳሁት ግን ይህን ነው፤ አንድ ነገር ሲተካ አብረውት የሚሄዱ ሌሎች ነገሮች አሉ፣ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥም አይጻፉም።

ፈላስፎች በዚህ ዙሪያ የቆየ እንቆቅልሽ አላቸው። የቴሴዎስ መርከብ ሳንቃው አንድ በአንድ ተለውጦ ሲያልቅ ያው መርከብ ነው ወይ? ኮሌጅ ሳለን ሌሊቱን ሙሉ ተከራክረንበታል። ዛሬ ብዙም አያስጨንቀኝም። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶት ሲታደስ የፒያሳ ሰው ያው ጣይቱ ብሎ ነው የገባው፤ ማንም መታወቂያ አልጠየቀውም። የሚያስጨንቀኝ ከዚያ በፊት ያለው ጥያቄ ነው፤ «አበቃለት» ለማለት ምን ያህል ማየት አለብኝ?

በዚህ ላይ ከምናውቃቸው ክፍሎች ሁሉ የረዳኝ ማንም የማይሰብከው ዘሌዋውያን 14 ነው። በቤት ግድግዳ ላይ ደዌ ቢታይ ምን ይደረግ የሚል ሕግ አለ። ካህኑ መጥቶ ያያል። ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል። ተመልሶ ይመጣና ደዌው ሰፍቶ ከሆነ የታመሙት ድንጋዮች ብቻ ይወጣሉ፤ ግድግዳው ይፋቃል፣ ሌላ ድንጋይ ይገባል፣ እንደገና ይመረጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደዌው ተመልሶ ከወጣ ያን ጊዜ ቤቱ ይፈርሳል፤ ድንጋዩ፣ እንጨቱ፣ ምርጉ ሳይቀር ከከተማ ውጭ ይጣላል። ማፍረስ እዚህ አለ፤ ያለ ርኅራኄም ነው የተጻፈው። ነገር ግን በመጨረሻ ላይ ነው ያለው። ከዚያ በፊት የሚፈርደው ሰው በእግሩ ደጋግሞ እደጁ ድረስ መምጣት አለበት። ከሩቅ ሆኖ አፍርሱ አይልም።

ጌታ በሉቃስ 13 የነገረን የበለስ ምሳሌም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሦስት ዓመት ፍሬ የታጣባት ዛፍ ናት። ባለቤቱ ቁረጣት ሲል አልተሳሳተም፤ መሬቱን በከንቱ ይዛለች። የወይን አትክልት ሠራተኛውም ሐሰት ነው አላለም። አንድ ዓመት ለመነ፤ ልመናውን ግን ባዶውን አላቀረበም፤ ዙሪያዋን እኮተኩታለሁ፣ ፍግም አፈሳለሁ አለ። የራሱን ወገብ መያዣ አድርጎ ሰጠ። ቀጠሮም አለው፤ ካላፈራች ትቆረጣለች። እኔ ብዙ ጊዜ «እንታገሥ» ብዬ አውቃለሁ፤ መኮትኮቻ የያዝኩበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ያለ ኩትኮታ የሚሰጥ ተጨማሪ ዓመት ምሕረት አይደለም፤ ውሳኔውን ማዘግየት ነው።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ሰራተኛ ሰፈር አንድ ባለሙያ አሉ፤ የሆቴል ቦይለርና የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከእጅ ባለሙያዎች ነው፤ አንዳንዱ ስም ዛሬም እውነት ነው። ለመንኳቸው፤ ቅዳሜ አብረን ሄድን።

አክስቴ ቡና እያቀራረቡ ገና በሩ ላይ «ልጄ ለአዲሱ ብሩን ልኮልኛል» ብለው ጀመሩ። በዓይኔ ብጠቅሳቸው አላዩኝም። ዕቃ ጠጋኝ ፊት እንዲህ ይባላል? ሰውየው ግን እንዳልሰማ ሆነው መታጠቢያ ቤት ገቡ።

«ሌሊት ድምፅ ያሰማል?» አሉ።

«ያሰማል፤ በስምንት ሰዓት ይነሣል። መብራቱም አለ።»

«ጨው ይጨምራሉ?»

«ምን በወጣው! በየወሩ። አሁንም ሙሉ ነው።»

ሰውየው የበርሜሉን ክዳን ከፈቱ። እውነትም እስከ አፉ ነጭ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ አይቼ እዘጋው ነበር፤ ደግሞም ቀደም ሲል በመጣሁ ጊዜ አይቼ ዘግቼዋለሁ። እሳቸው «የመጥረጊያ እንጨት ይስጡኝ» አሉ። እንጨቱን በጨው ላይ አሳርፈው በቀስታ ሲገፉ እንደ ድንጋይ መለሰላቸው። ጠንከር አድርገው ሲመቱት ግን ቅርፊቱ ተሰብሮ እንጨቱ ግማሽ ድረስ ሰመጠ። ከሥሩ ባዶ ነበር።

«ጨው ድልድይ ሠርቷል» አሉ። ከላይ ያለው ተጋግሮ ጣሪያ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ከታች ያለው ውሃ ጨው ከነካ ወራት አልፎታል። ማሽኑ በየሌሊቱ እየተነሣ በባዶ ውሃ ራሱን ሲያጥብ ነበር የከረመው። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ አክስቴ የሚጨምሩት ለወጥ የሚሆነውን የላመ ጨው ነበር፤ እሱ እርጥበት ሲያገኝ ይጋገራል። ያልተፈጨ ጨው ነው የሚፈለገው። ሞቅ ባለ ውሃ ቅርፊቱን አሟሙ፣ የጨው ውሃ የሚሳብበትን ቀጭን ቀዳዳ በመርፌ አጸዱ፣ ማሽኑን ሁለት ጊዜ አከታትለው አሳጠቡት። ከሰዓት በኋላ አክስቴ እጃቸውን ታጥበው አረፋውን እያሳዩን እንደ ልጅ ሳቁ።

(እዚህ ላይ የአምልኮት መልክ ስላላቸው፣ ጣዕሙን ስላጣ ጨው፣ ሌሊት ተነሥቶ በባዶ ስለሚጸልይ ሰው ስብከት እየመጣልኝ ነበር። ያዝኩት። እናንተው ትችላላችሁ።)

ስምንት መቶ ብር ጠየቁ። ታክሲ ውስጥ ስንመለስ «ጋሼ፣ ሞቷል ቢሏቸው አዲሱን እርስዎ ራስዎ አምጥተው ይገጥሙላቸው ነበር፤ ማን ያውቅብዎታል?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ብዬ አውቃለሁ» አሉ። ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ ሰው ፓምፕ ሳይፈቱት ተቃጥሏል ብለው አዲስ አስገዝተዋል። ለማታለል አስበው አልነበረም፤ ቀኑ መሽቶ ነበር፣ ደክሟቸው ነበር። አሮጌውን በኋላ ሱቃቸው ወስደው ሲፈቱት የተበላሸው አንዲት ሽቦ ብቻ ነበረች። «ሞቷል ማለት ከመፍታት ይቀላል፣ መምህር» አሉኝ። ብሩን ለሰውየው መልሰው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ እስከ ፒያሳ ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም።

ዝም ያልኩት በእሳቸው ታሪክ ምክንያት አይደለም። አንድ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው።

በኅብረታችን መዘምራን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነበር። በ2016 መጨረሻ ላይ ማርፈድ ጀመረ። ቀጥሎ ልምምድ መቅረት መጣ። ሲመጣም ይጫወታል፤ ጣቶቹ ቦታቸውን ያውቃሉ፣ ልቡ ግን እዚያ የለም። ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ገሠጽኩት። በሦስተኛው ሳምንት «አገልግሎት ቀልድ አይደለም» ብዬ በሌላ ተካሁት። የተካችው እህት ጎበዝ ናት፤ በሰዓቱ ትመጣለች። ከእሁድ እስከ እሁድ ቀዳዳው ተደፈነ። ልጁ ለጥቂት ሳምንታት ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ከዚያ አላየሁትም። በስብሰባ ላይ ስሙ ሲነሣ «ቀዝቅዟል» እንላለን። በእኛ ቤት ይህች ቃል ከ«ሞቷል» ብዙም አትርቅም።

አሁን ለራሴ መከላከያ ላቅርብ። እሁድ አይጠብቅም፤ ኪቦርዱ መጫወት ነበረበት። ጳውሎስም ከጵንፍልያ ጥሏቸው የተመለሰውን ማርቆስን ይዞ ለመሄድ እምቢ አለ፤ ሲላስን ወስዶ ሄደ፤ ሥራውም ቀጠለ። የሐዋርያት ሥራ 15 ጳውሎስ ተሳሳተ አይልም። የሥራ ቦታን በሌላ ሰው መሸፈን ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም። ሆኖም በዚያው ምዕራፍ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ የሄደ በርናባስ የሚባል ሰው አለ፤ ከዓመታት በኋላም ጳውሎስ ራሱ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና አምጣልኝ ብሎ የጻፈው ስለዚሁ ማርቆስ ነው። በእኛ ኅብረት ጳውሎስ ነበረ። በርናባስ የሆነ ግን ማንም አልነበረም፤ እኔም ሌላ ሰው እንዲሆን አልጠየቅኩም። ቦታውን መተካትና ሰውየውን መተካት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኔ በአንድ ውሳኔ ሁለቱንም አደረግኋቸው። ማለስለሻ ሥራው አንድ ነው፤ ካልሠራ ዋጋውን አስልቼ መጣል እችላለሁ። ሰው ግን የሚጫወተው ኪቦርድ አይደለም።

ኤልሳዕ በኢያሪኮ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ? ከተማዪቱ መልካም ናት፣ ውሃው ግን ክፉ ነው ብለው ወደ እሱ መጡ። አዲስ ዕቃ አምጡልኝ፣ ጨውም ጨምሩበት አለ። ዕቃው አዲስ ነው፤ ምንጩ ግን ያው የድሮው ነው። ሌላ ጉድጓድ አልቆፈረም፣ ሰዎቹንም ወደ ሌላ ከተማ አላሻገረም። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ አንዲት ቃል ግን ስታመልጠኝ ኖራለች። ኤልሳዕ ጨውን የጣለው ሰዎቹ በሚቀዱበት ማሰሮ ውስጥ አልነበረም፤ ውሃው ወዳለበት ምንጭ ወጥቶ ሄደ።

ማክሰኞ ማታ ለልጁ ደወልኩ። ቁጥሩን አልቀየረም። መጀመሪያ ሰላምታው እንደ ባዕድ ነበር። «ያኔ ለምን ነበር የምታረፍደው?» አልኩት፤ ከዓመት በላይ ዘግይቼ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው።

«መምህር፣ ቤታችን ፈርሶ ነበር እኮ» አለኝ።

ዶሮ ማነቂያ ነበሩ፤ ከአክስቴ ቤት ሁለት መታጠፊያ ያህል ዝቅ ብሎ። አባቱ እዚያው በር ላይ የነበረቻቸውን ትንሽ ሱቅ አጥተው ነበር። ልምምድ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይይዝ ነበር፤ አንዳንዴ የሚመለስበት ሳንቲም እንኳ ሳይኖረው። ለምን አልነገርከኝም አላልኩትም። መቼ እንደሚነግረኝ አስቤ፣ በሰው ፊት ስገሥጸው?

«ተመለስ» ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ቦታው ተይዟል አይደል?» አለ። ተይዟል። እህታችን ምንም አላጠፋችም፤ ተነሺ ልላት አልችልም። ይህን እውነቱን ነገርኩትና ቢሆንም ልጠይቃችሁ ልምጣ አልኩት። «አድራሻውን ይጻፉ» ብሎ ነገረኝ።

የአክስቴ ብሎክ 14 ነው። የእነሱ 11። ለዚያ ማሽን ስል ሦስት ጊዜ በደጃቸው አልፌያለሁ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። አክስቴ በዚያው ያልተፈጨ ጨው ይዤላቸው እንድመጣ አዘውኛል፤ አምስት ኪሎ ገዝቼ በሩ ሥር አስቀምጫለሁ።